ለአሮጌ ዲአር 650 ትልቅ ሳልቫትዮ መግጠም፦ ከታንኩ በታች ያለው አንድ ስንዝር

ሱዙኪ ዲአር 650 ኤስኢ ከ1996 ሞዴል ወዲህ መልኩን ብዙም ያልቀየረ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ 644 ሲሲ፣ ካርቡሬተሩን ያልጣለ ሞተር ሳይክል ነው። ለረጅም መንገድ የሚያንሰው ሳልቫትዮው ነው። ከፋብሪካ የሚመጣው የብረት ታንክ 13 ሊትር ብቻ ይይዛል። በ100 ኪሎ ሜትር 5 ሊትር ቢበላ 260 ኪሎ ሜትር ላይ ይደርቃል፤ ከ200 በኋላ ዓይን ከመንገዱ ይልቅ ማደያ መፈለግ ይጀምራል። ጀሪካን ማሰር ቀላል መፍትሔ ይመስላል። ግን አገር ቤት ውስጥ በጀሪካን መቅዳት በተለያየ ጊዜ ይከለከላል፤ ከኋላ ከፍ ብሎ የታሰረ ጀሪካን ደግሞ ኮረኮንች ላይ ሞተር ሳይክሉን ያንገላታዋል።

በገበያ ላይ ለዚህ ሞዴል ተብለው የተሠሩ የፕላስቲክ ታንኮች አሉ። የጣሊያኑ አቸርቢስ 20 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ የአውስትራሊያው ሳፋሪ 30 ሊትር። ሠላሳው ያጓጓል፣ ግን ሒሳቡን አስቀድሞ ማየት ጥሩ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን 740 ግራም ገደማ ስለሚመዝን ሠላሳው ሲሞላ ነዳጁ ብቻ 22 ኪሎ ነው፤ ከድሮው ሙሉ ታንክ 12 ኪሎ ተኩል ይበልጣል ማለት ነው። ይህ ሁሉ የሚጫነው ከፍ ብሎ ወደ ፊት ባለው ቦታ ላይ ነው። ማደያ በ500 ኪሎ ሜትር አንዴ የሚገኝበት በረሃ ለማቋረጥ ካልሆነ 20 ሊትሩ ይበቃል። በዚያው 5 ሊትር ፍጆታ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ ታንኩም እግር ከፍቶ መቀመጥን አያስገድድም።

ታንኩን አውርዶ ሌላ መስቀል የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ቁልፍ መያዝ የሚችል ሰው ሁሉ ይሠራዋል። መንገድ ላይ የሚያስቆመው ሌላ ነው፤ በታንኩና በካርቡሬተሩ መካከል ያለው አንድ ስንዝር፦ የነዳጁ መክፈቻ፣ ቱቦው፣ ፊልትሮውና የአየር መግቢያው። ስለዚህ የሚቀጥለው ጽሑፍ ስለ ቡሎኖቹ ፈጠን፣ ስለዚያ ስንዝር ቀስ እያለ ይሄዳል።

አዲሱን ታንክ መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ

ከካርቶን እንደወጣ አትስቀሉት። ለመክፈቻው ቀዳዳ ሲበሳ የተላጠ ፕላስቲክ ውስጡ ይቀራል፤ እንደ እርሳስ መቅረጫ ፍርፋሪ ቀጭንና የተጠቀለለ ነው፣ ካርቡሬተር ውስጥ ከገባ ነዳጅ ሲበቃ መግቢያውን የሚዘጋውን የተንሳፋፊውን መርፌ ከፍቶ ይይዛል። አንድ ሊትር ቤንዚን ጨምሩ፣ ክዳኑን ዝጉ፣ በሁሉም ጎን እያገላበጣችሁ አንድ ደቂቃ አናውጡ፣ በነጭ ጨርቅ ላይ አሳልፋችሁ ድፉ። ጨርቁ ንጹሕ እስኪሆን ድገሙት፤ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ዙር ይበቃዋል። በውኃ አትጠቡት። የታንኩ ሁለት ጎኖች ወደ ታች እንደ ኪስ ስለሚወርዱ ውኃው እዚያ ተደብቆ ይቀራል፤ ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድም መጀመሪያ ወደ ካርቡሬተሩ የሚወርደው እሱ ነው።

መክፈቻው የሚታሰርባቸው ቡሎኖች የሚገቡት በፕላስቲኩ ውስጥ በተቀበረ ነሐስ ላይ ነው። ብዙ ታንክ የሚበላሸው እዚህ ነው። ቡሎኑ ከልክ በላይ ሲጠብቅ ነሐሱ ከፕላስቲኩ ይላቀቅና ከቡሎኑ ጋር አብሮ ይዞራል፤ ከዚያ በኋላ አይጠብቅም፣ አይፈታም። ባለ 6 ሚሊ ሜትር ቡሎን ከሆነ 5 ኒውተን ሜትር ይበቃዋል። የጉልበት መለኪያ ቁልፍ ከሌላችሁ ትንሿን ቁልፍ ከጫፏ ሳይሆን ከአፏ አጠገብ በሁለት ጣት ይዛችሁ እስክትቆም አዙሩ፣ በቃ። ሁለቱን ቡሎኖች ግማሽ ግማሽ ዙር እያፈራረቃችሁ አጥብቁ፤ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ በመክፈቻውና በታንኩ መካከል ያለውን የጎማ ቀለበት፣ ኦሪንጉን፣ ያጣምመዋል። ኦሪንጉን ከማስቀመጣችሁ በፊት የሞተር ዘይት በጣት ቀቡት። ሲሊኮን እንዳትነኩ፤ ቤንዚን ያሳብጠዋል፣ ከዚያም በክር በክር እየተላጠ ወደ ታች ይወርዳል። ቴፍሎንም እዚህ ቦታ የለውም።

አሁን ሁለት ሊትር ጨምራችሁ መክፈቻውን ዝጉና ጋዜጣ ላይ አሳድሩት። ጠዋት ጋዜጣው ላይ ክብ ምልክት ካለ ታንኩ ገና ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ ማስተካከሉ አሥር ደቂቃ ነው።

አሮጌውን ማውረድ

ሥራውን ከቤት ውጭ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ የባትሪው ነጌቲቭ ተፈትቶ፣ የዱቄት እሳት ማጥፊያ እጅ የሚደርስበት ቦታ ተቀምጦ ጀምሩ። የጎን ሽፋኖቹን፣ ቀጥሎ ኮርቻውን አንሡ። የፋብሪካው መክፈቻ ሦስት ቦታ አለው፦ ኦን (የዘወትሩ)፣ ሪዘርቭ (የመጠባበቂያው)፣ ፕራይም (ሞተሩ ጠፍቶም የሚለቀው)። በኦንና በሪዘርቭ ላይ ነዳጅ የሚለቀው ሞተሩ ሲሠራ በቀጭኗ ቱቦ አየር ሲስብ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሞተሩ ጠፍቶ ቱቦውን ነቅላችሁ ምንም ጠብ ባይል አይግረማችሁ። ነዳጁን ለመቅዳት ፕራይም ላይ አድርጉት። ቀድታችሁ ስትጨርሱ ሁለቱን ቱቦዎች ንቀሉ፤ ወፍራሙ የነዳጅ፣ ቀጭኑ የአየር ነው። ቀጭኑ ከካርቡሬተሩ የሚወጣበትን አፍ በቀለም ምልክት አድርጉበት፣ እንመለስበታለን።

ታንኩ ከኋላ በቡሎን ተይዟል፤ ከፊት ደግሞ ሻንሲው ላይ ባሉ ጎማዎች ላይ ተንሸራቶ ነው የተቀመጠው። ቡሎኑን ፈትታችሁ የኋላውን ጫፍ ትንሽ ከፍ በማድረግ ወደ ኋላ ጎትቱት። የጎን ክንፎቹ ከታንኩ ጋር አብረው ይወጣሉ። የፊት ጎማዎቹን እዩዋቸው፤ ሃያ ዓመት የሞላው ጎማ ደርቆ ተሰንጥቆ ይገኛል፣ ከባድ ታንክ ደግሞ በደረቀ ጎማ ላይ ይንቀጠቀጣል። ለውጧቸው፣ ዋጋቸው ትንሽ ነው።

አዲሱን ሲያስቀምጡ

ባዶውን ታንክ አስቀምጡና ምንም ሳታጠብቁ መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙሩ። የነዳጅ መስጫው ሽቦ፣ የፍሪሲዮኑ ሽቦ፣ የክላክሱና የመብራቱ ገመዶች ከታንኩ ፊት ይቆነጠጡ እንደሆነ ተመልከቱ። የነዳጅ መስጫው ሽቦ ከተቆነጠጠ ጉዳቱ ቶሎ አይታይም፤ ቆማችሁ ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ጋዝ ሳይሰጠው በዝቅተኛ ዙር እየሠራ ሳለ መሪውን ስታዞሩ ሞተሩ በራሱ ከፍ ካለ ሽቦው እየተጎተተ ነው። ጥምዝ ላይ ሞተር ሳይክሉ ራሱ ጋዝ ይሰጣል ማለት ነው፤ ሳይስተካከል መንዳት አይቻልም።

በሲሊንደሩ ራስና በፕላስቲኩ መካከል ቢያንስ 10 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑር፤ ከዘይት ማቀዝቀዣው ቱቦዎችም እንዲሁ። ክፍተቱን የምትለኩት ታንኩ ባዶ ሳለ ብቻ አይሁን። የፕላስቲክ ታንክ ሲሞላ ሆዱ ይነፋል፣ ወደ ታችም ይወርዳል። የትናንቱ 10 ሚሊ ሜትር ዛሬ 5 ሊሆን ይችላል።

ቀዳዳዎቹ በ2 እና 3 ሚሊ ሜትር አለመገጣጠማቸው የተለመደ ነው። ታንኩን ፀሐይ ላይ ግማሽ ሰዓት አቁሙት፣ ይለዝባል፤ ሁሉንም ቡሎኖች በጣት አስጀምሩና ከዚያ በኋላ ብቻ አጥብቁ። ቡሎኑን አስገድዶ ታንኩን መጎተት ያንኑ የተቀበረ ነሐስ ያላቅቃል።

ያ አንድ ስንዝር

ከአዲሱ ታንክ ጋር የሚመጣው መክፈቻ በእጅ የሚከፈትና የሚዘጋ ነው፣ በአየር አይሠራም። እንግዲህ ቀድሞ ምልክት ያደረጋችሁበት የካርቡሬተሩ ቀጭን አፍ ሥራ ፈትቷል ማለት ነው። ክፍት ከተተወ ሞተሩ በዚያ በኩል ያልተለካ አየር ይስባል፤ ሚኒሞው ከፍና ዝቅ ይላል፣ ጋዝ ሲለቀቅ ጭስ ማውጫው ይተኩሳል፣ ሞተሩም ከልክ በላይ ይግላል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ካርቡሬተሩን ፈትቶ ያጥባል። የጎማ ቆብ አልብሱትና በማሰሪያ ያዙት፤ በቴፕ ጠቅልሎ መተው አይሆንም፣ በሙቀት ይላቀቃል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ በቆቡ ዙሪያ ውኃ እንደ ጭጋግ እርጩ። ድምፁ ከተለወጠ ያስገባል።

ቱቦው ለቤንዚን የተሠራ ይሁን፤ ውስጡም ከመክፈቻው አፍ ጋር እኩል፣ እንደ አፉ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር። ግልጹ የውኃ ቱቦ በጥቂት ወራት ደርቆ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ 3 ሴንቲ ሜትር አስረዝማችሁ ቁረጡ፣ አስቀምጣችሁ እዩ፣ ከዚያ አሳጥሩ። ከመክፈቻው እስከ ካርቡሬተሩ ድረስ ያለማቋረጥ ቁልቁል መውረድ አለበት። መካከሉ ላይ ትንሽ እንኳ ጉብ ካለ አየር እዚያ ይያዛል፤ ሞተሩ ሲግል ደግሞ የቤንዚን ትነት ያንኑ ጉብታ ይሞላውና ነዳጁ ይቋረጣል። ሲቀዘቅዝ ይነሣል፣ ሃያ ደቂቃ ሄዶ ይቆማል። ቱቦው ከሲሊንደሩ ክንፎች ጋር እንዳይነካካ አርቁት።

ፊልትሮ ላይ ብዙ ሰው በቅንነት ይሳሳታል። ባለ ወረቀት የመኪና ፊልትሮ ጥሩ ያጣራል ብሎ ያስገባል። መኪና ፓምፕ አለው፤ እዚህ ያለው ግፊት ግን የነዳጁ ከፍታ ብቻ ነው። ከካርቡሬተሩ በላይ 20 ሴንቲ ሜትር ቤንዚን የሚሰጠው ግፊት የካርቡሬተር መኪና ፓምፕ ከሚሰጠው አንድ አሥረኛ አይሞላም። ወረቀቱ ታንኩ ሙሉ ሳለ ያሳልፋል፣ ነዳጁ ሲጎድል ግን ሞተሩን ያስርበዋል። የናይለን ወንፊት ወይም የነሐስ ፊልትሮ አድርጉ፤ መክፈቻው ከውስጥ የራሱ ወንፊት ካለው ውጪ ላይ ባትጨምሩም ይሻላል።

ሌላው ልብ ሊባል የሚገባው የተንሳፋፊው መርፌ ነው። የድሮው መክፈቻ ሞተሩ ሲጠፋ በራሱ ይዘጋ ነበር፤ ስለዚህ ያረጀ መርፌ ቢኖርም አይታወቅም። አዲሱ ካልተዘጋ ክፍት ነው። መርፌው ትንሽ ካሳለፈ ሌሊቱን ቤንዚኑ ወደ አየር ማጣሪያው ሣጥን ወይም ወደ ሲሊንደሩ ይወርድና ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ጠዋት ዘይቱ ከምልክቱ በላይ ከፍ ብሎ ቤንዚን ቢሸት አታስነሡ፤ ዘይቱ ይለወጥ፣ መርፌውም ይለወጥ። በቆማችሁ ቁጥር መክፈቻውን መዝጋት ልማድ ይሁን። መርፌውንና መቀመጫውን ታንኩ ወርዶ ሳለ መለወጥ ደግሞ ጊዜው አሁን ነው።

የአየር መግቢያው

በክዳኑ ላይ ያለችው ቀጭን ቱቦ ነዳጁ ሲወጣ በምትኩ አየር ታስገባለች። ብዙዎቹ ላይ አንድ አቅጣጫ ብቻ የምታሳልፍ ትንሽ ቫልቭ ትገባለች፤ አየር ወደ ውስጥ ታስገባለች፣ ሞተር ሳይክሉ ሲወድቅ ቤንዚን አታስወጣም። ከመግጠማችሁ በፊት ከሁለቱም ጎን በአፍ ንፉባት። ተገልብጣ ከተገጠመች ታንኩ አየር ያጣና ነዳጁ በታንኩ ውስጥ ይታገታል። ታንኩ ሙሉ ሲሆን ከላይ ያለው አየር ጥቂት ስለሆነ ችግሩ ቶሎ የሚታየው ማደያ ከወጡ በኋላ ነው፤ ሰው ግን “መጥፎ ቤንዚን ሞላሁ” ይላል። ክዳኑ ሲከፈት “ፉስስ” የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ቤንዚኑ ንጹሕ ነው፣ ቫልቭዋን አዙሩ።

ከደጋ ወደ ቆላ ሲወረድ ይህ የበለጠ ይጎላል። ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት በሚወርደው መንገድ ከፍታው ከ1,400 ሜትር በላይ ይቀንሳል፣ የውጪው አየር ግፊትም እየጨመረ ይሄዳል። መግቢያዋ ከተዘጋች የፕላስቲክ ታንኩ ጎኖቹ ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ በዓይን ይታያል። ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ አየር እንዳታስወጣ የተደረገች ቫልቭ ታንኩን ትነፋዋለች፣ ግፊቱም ነዳጁን በመርፌው ላይ ይገፋል። ስለዚህ ከከፍታ ወደ ከፍታ ለሚሄድ ሰው ቫልቭ የሌላት፣ ወደ መሪው አንገት ተስባ ጫፏ ወደ ታች የወረደ ክፍት ቱቦ ትሻላለች። ሞተር ሳይክሉ ከወደቀ ጥቂት ጠብ ይላል፤ ያንን ታግሶ ቶሎ ማንሣት ነው።

መለካት

ሁለት ልኬቶች ሳይደረጉ ረጅም መንገድ አትውጡ። ሁለቱም ከአንድ ሰዓት አይበልጡም።

የመጀመሪያው የነዳጁ አወራረድ ነው። ታንኩ ውስጥ ሁለት ሊትር ብቻ ይኑር፣ ክዳኑ ይዘጋ። ቱቦውን ከካርቡሬተሩ ነቅላችሁ ጫፉን በካርቡሬተሩ አፍ ቁመት ያዙ፤ ወደ ታች ካወረዳችሁት ውጤቱ የተሻለ መስሎ ያሳስታል። ሪዘርቭ ላይ ከፍታችሁ በተለካ ዕቃ አንድ ደቂቃ ቅዱ። ይህ ሞተር በጠንካራ አነዳድ በሰዓት 10 ሊትር ቢፈጅ በደቂቃ 170 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ስለዚህ 300 ከወረደ አትጨነቁ። ከ200 በታች ከሆነ ፊልትሮውን አውጥታችሁ ድገሙ፣ ቀጥሎ መክፈቻውን ተመልከቱ። አዲሱን ታንክ ሞልታችሁ ደግሞ ክዳኑ እንደተዘጋ አንድ ሊትር ቅዱ። መጀመሪያ ወፍራም ወርዶ እየቀጠነ ከሄደና ክዳኑ ሲከፈት እንደገና ከወፈረ ጥፋቱ የአየር መግቢያው ነው።

ሁለተኛው ሪዘርቩ ነው። ታንኩን ጨርሳችሁ አድርቁ፣ ሞተር ሳይክሉን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ፣ ቱቦውን ነቅላችሁ በካርቡሬተሩ አፍ ቁመት ዕቃ ላይ ያዙ፣ መክፈቻውን ኦን ላይ አድርጉ። ግማሽ ግማሽ ሊትር እየጨመራችሁ ቁጠሩ። ነዳጁ መውረድ የጀመረበት ቁጥር ኦን ላይ ሲቆምባችሁ ታንኩ ውስጥ የሚቀረው ነው። አሁን ወደ ሪዘርቭ አዙሩና የሚወጣውን ሁሉ ለኩ፤ ልዩነቱ የማይወጣው ነዳጅ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች በቋሚ ቀለም ታንኩ ሥር ጻፏቸው፤ የፋብሪካው ወረቀት ላይ ካለው ይልቅ የእናንተን እመኑ።

የማይወጣው ነዳጅ ብዙውን ጊዜ የሚቀረው መክፈቻው በሌለበት ጎን ኪስ ውስጥ ነው፤ በመካከላቸው የሻንሲው ጉብታ አለ። ሪዘርቩም ሲያልቅ ሞተር ሳይክሉን ወደ መክፈቻው ጎን፣ መሪው መሬት እስኪቃረብ አጋድሙትና ለአሥር ሰከንድ ያዙት። ከዚያኛው ኪስ ተሻግሮ የሚመጣው እስከ ቀጣዩ መንደር ሊያደርስ ይችላል።

ሞልቶ መንዳት

ቤንዚን ሲሞቅ ያብጣል። የ20 ሊትር ሙቀት በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ሲል መጠኑ 0.4 ሊትር ገደማ ይጨምራል፤ ጠዋት በብርድ እስከ አፉ የሞላ ታንክ ቀትር ላይ በአየር መግቢያው ያለቅሳል። ከክዳኑ አንገት ሥር ሦስት ጣት አጉድሉ።

የዲአር የፊት አሞርዛተር ሞላዎች ከመጀመሪያውም ለስላሳ ናቸው። እንቅስቃሴው በጠቅላላ 260 ሚሊ ሜትር ነው፤ ታንኩ ሞልቶ፣ ሻንጣው ተጭኖ፣ ነጂው ተቀምጦ ከ75 እስከ 85 ሚሊ ሜትር ቢጫን ደህና ነው። ከ100 ካለፈ ፍሬን ሲያዝ አፍንጫው ይደፋል፣ ጠንከር ያለ ሞላ ያስፈልጋል። ሠላሳ ሊትር የሚገጥም ሰው ይህን ወጪ ከታንኩ ዋጋ ጋር አብሮ ይቁጠረው።

የመጀመሪያው ጉዞ ከቤት 20 ኪሎ ሜትር አይራቅ። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ የታንኩን ቡሎኖች እንደገና ንኳቸው፤ ፕላስቲክ በሙቀት ይጨመቅና ይላላሉ። የመክፈቻውን ግን ካላፈሰሰ አትንኩ። መሣሪያ ከረጢቱ ውስጥ 50 ሴንቲ ሜትር ቱቦ፣ አራት ማሰሪያ፣ አንድ የመክፈቻ ኦሪንግና ለካርቡሬተሩ አፍ አንድ ትርፍ ቆብ ይኑር።

ፕላስቲኩ ትነት በግድግዳው ስለሚያሳልፍ የተለጠፈበት ሁሉ ከጊዜ በኋላ አረፋ ያወጣል፣ ቀለምም አይዝም። በዚያው ምክንያት ሞተር ሳይክሉን የውኃ ማሞቂያ ወይም ምድጃ ባለበት ዝግ ክፍል አታሳድሩ። የወረደውን የብረት ታንክ ደግሞ ባዶውን አትጣሉት። ቤንዚኑን ጨርሳችሁ አድርቁ፣ 200 ሚሊ ሊትር የሞተር ዘይት ጨምሩ፣ በሁሉም ጎን እያገላበጣችሁ ውስጡን አልብሱት፣ ትርፉን ድፉና አፎቹን ዝጉ፤ ካልሆነ ከአንድ ክረምት በኋላ ውስጡ ዝገት ብቻ ይሆናል።